አውራ ዶሮዬ ላባ የጣለበት ጥቅምት

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቀን አውራ ዶሮዬ ሳይጮህ ነጋ። እኔን የሚቀሰቅሰኝ የስልኬ ደወል ስለሆነ ተኝቼ አልቀረሁም። ነጠላዬን እየፈለግኩ ሳለ ግን አንድ ነገር እንደጎደለ ታወቀኝ። የመስጊዱ አዛን ተሰምቷል። ከሐይቁ በኩል ዓሣ አስጋሪዎቹ ሲጠራሩ ይሰማል። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ያልፋል። የእኔ ዶሮ ብቻ የለም። በሩን ከፍቼ ስወጣ ከቆጡ ወርዶ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል። እግሩ ሥር ሦስት ላባዎች ወድቀዋል።

ሦስት ላባ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እኔን ለምን እንዳስፈራኝ ለማስረዳት ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን መናገር አለብኝ። እስከዚያ ጥቅምት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ያደግኩበት የአምባሰል መንደር ከትምህርት ቤቱ በጣም ይርቅ ስለነበር ሴት ልጅ ወደዚያ አይልኩም ነበር። ሐይቅ ከተማ አግብቼ መጣሁ። ባሌ ሲሞት ቤቱ ጭር አለብኝና የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ከዚያ ወዲያ አላቆምኩም። ስምንተኛ ክፍልን ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ ተፈተንኩ። አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። መጽሐፍ አውሳለሁ፣ የተቀደደውን እለጥፋለሁ፣ የሚያወራውን ዝም አሰኛለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለጽሑፍ የሚሰጠው ክብር ከልክ ያልፋል መሰለኝ። የሳሙና መጠቅለያ ላይ ያለውን ሳይቀር እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ያን ጊዜ ግን እስከ መጨረሻው አላነበብኩም።

ጎረቤቴ ስልሳውን የተሻገሩ ሙስሊም እናት ናቸው። በእኔና በሳቸው ግቢ መካከል የቅንጭብ አጥር አለ። አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ ዶሮም ሰውም የሚሾልክበት ቀዳዳ ሆኗል። እሳቸው እኔን “እታለም” ይሉኛል፤ እኔ “እትዬ” እላቸዋለሁ። የመድኃኒት ወረቀታቸውን፣ የመብራት ደረሰኛቸውን፣ ልጃቸው በስልክ የምትልከውን መልእክት የማነብላቸው እኔ ነኝ። ሳነብ ዓይናቸው ከአፌ አይነቀልም። ከጨረስኩ በኋላ “በቃ፣ አንች ካልሽ” ይላሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ዶሮዬ ላባዋን አጎፍራ ጥግ ይዛ ትቆም ጀመር። እትዬ አይተው ደነገጡ። “ፈንግል እንዳይሆን” አሉ። ፈንግል በኛ አገር ከገባ ቆጡን ሙልጭ አድርጎ የሚሄድ የዶሮ በሽታ ነው። ከምማርበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስለ ዶሮ አረባብ የምትናገር አንዲት ስስ መጽሐፍ ተውሼ አመጣሁ። ያን ጊዜ ማንበብ ገና ያደክመኝ ነበር። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ዶሮ ላባ ስትቀይር ትደበታለች፣ እንቁላል ታቆማለች፣ ለብቻዋ መቆም ታበዛለች የሚል ቦታ ደረስኩ። ሁሉም በዶሮዬ ላይ የሚታይ ነገር ነበር። ደስ አለኝ። መጽሐፏን አጠፍኩና ወደ አጥሩ ቀዳዳ ሮጥኩ።

“እትዬ፣ አይፍሩ! በሽታ አይደለም፤ ላባ እየቀየረች ነው።”

“እሰይ! በቃ፣ አንች ካልሽ” አሉና ሊያርዷቸው የሰበሰቧቸውን ዶሮዎች ለቀቁ።

በዘጠኝ ቀን ውስጥ የእትዬ ዶሮዎች አሥራ አራቱም አለቁ። አንገታቸው እየተጠመዘዘ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው፣ አንዷ በአንዷ ላይ እየወደቁ። ሳይሞቱ በቢላ የደረሰባቸው የለም። ሳይታረድ የሞተ ደግሞ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ስለማይሆን ጉድጓድ ተቆፍሮ ተጣለ። እትዬ “የአላህ ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል” ብለው አንድ ቃል አልተናገሩኝም። መጽሐፏን ስመልስ እንደገና ገለጥኳት። ካቆምኩበት ቀጥሎ ያለው ገጽ ስለ ፈንግል ነበር። ላባ መቀየርና በሽታ የሚለዩበትን አንድ በአንድ ዘርዝሮ አስቀምጦታል። አንድ ገጽ ነበር የቀረኝ።

እንግዲህ በዚያ የጥቅምት ጠዋት ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመውን አውራ ዶሮ ሳይ፣ ያቺ ገጽ ናት የታየችኝ። እሱ ደግሞ የእኔ ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከእትዬ ሴት ዶሮዎች ጋር ነው። እትዬ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ሰባት ዶሮ አድርሰዋል። ሰባቱም የታሰቡት ለአንድ ነገር ነበር፤ ውጫሌ የተዳረችው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ልትመጣ ነው። አራስ በኛ ዘንድ ዶሮ ካልበላች ወለደች አይባልም። እትዬ ዶሮዎቹን ሲያዩ ዶሮ አይታያቸውም፤ ልጃቸው ናት የምትታያቸው።

በዚያ ላይ ከተማው በወሬ ተሞልቷል። መስከረም ላይ ወደ ግሸን የሚያልፉት አውቶቡሶች ጣሪያ ላይ የታሰሩ ዶሮዎች ነበሩ፣ ፈንግሉን ይዘውት የገቡት እነሱ ናቸው ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቅ የለም። ሰው ግን አንድ ያጎፈረ ዶሮ ባየ ቁጥር ቢላ ይስል ነበር።

እትዬ በቀዳዳው ብቅ አሉ።

“እታለም! ምነው ዶሮሽ ዛሬ አፉን ዘጋ? ሱብሂ ሰግጄ ስቀመጥ እሱ ነበር የሚያጫውተኝ።”

“እንጃ እትዬ፣ አሁን ገና ማየቴ ነው።”

ላባዎቹን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

“ያ ረቢ! የዚያን ጊዜው ነው እንዴ?”

“ቆይ እስቲ፣ ልየው።”

“እይው፣ እይው። አንች ታውቂያለሽ፤ መጽሐፍ ታያለሽ።”

ይህን ሲሉኝ ዓይናቸውን ሳላይ ዶሮውን ከግድግዳው ሥር አነሳሁት።

ቤት አስገብቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ክንፎቹን በክንዴ አቅፌ፣ እንዳይደነግጥ ራሱን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩት። መጽሐፏን የራሴ አድርጌ ከገዛኋት ቆይቻለሁ። ጉልበቴ አጠገብ መሬት ላይ ዘርግቻታለሁ፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱንም ገጽ። ላባ የሚቀይር ዶሮ የሚጥለው ላባ ሥሩ ደርቆ ነጭ ይሆናል፤ ደም የለበትም ይላል። የሦስቱን ሥር ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁ፤ ነጭ ናቸው። መጣሉ የሚጀምረው ከራስና ከአንገት ነው፣ ከዚያ ወደ ደረት ይወርዳል፣ ክንፍና ጅራት መጨረሻ ይመጣል ይላል። የኔ ዶሮ ግን አንድ ትልቅ ላባ ከግራ ክንፉ ጥሏል። ከክንፍ ሲጥል ደግሞ ከሁለቱም ወገን እኩል ነው ይላል። የቀኙን ክንፍ ዘርግቼ ቆጠርኩ፤ አልጎደለም። ደግሜ ቆጠርኩ። አልጎደለም።

የአንገቱን ላባ ወደ ላይ ገልብጬ እፍ አልኩበት። ሥጋው ቀይ ነው። ቀዩ መሐል እንደተሳለ እርሳስ ጫፍ የመሰሉ ጥቋቁር ነጥቦች አየሁ። አራት ናቸው። አዲስ ላባ ሲበቅል በመጀመሪያ እንዲህ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣ። ግን አራት ብቻ ናቸው። ቆሻሻም ሊሆኑ ይችላሉ። ቅማልም ሊሆን ይችላል። አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቶ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ላባ ሲቀይርም ይገረጣል፣ ሲታመምም ይገረጣል፤ መጽሐፏ እዚህ ላይ ልትረዳኝ አልቻለችም።

ከዚያ ጭኔ ላይ ኩሱን ጣለ። አረንጓዴ ነው።

ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ቀሚሴን ለማጠብ እንኳ አልተነሳሁም። የዚያን ጊዜው ጉድጓድ ነው የታየኝ። በኋላ ነው ትናንት ማታ የጎመን ትራፊ እንደወረወርኩለት ትዝ ያለኝ። ጎመን የበላ ዶሮ ምን ሊጥል ነው ታዲያ? በዚህም ራሴን እያባበልኩ እንደሆነ ጠረጠርኩ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ዘንድ ስደውል ለከብት ክትባት ወደ አምባሰል ገጠር ወጥቷል፣ ቶሎ አይመለስም አሉኝ።

ከቀትር በኋላ የእትዬ የሟች ባላቸው ወንድም መጡ። ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። ወሬውን ሰምተዋል መሰለኝ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ በመስኮት አጮለቁ።

“ዶሮው ዝም አለ አሉ?”

“አዎ ጋሼ።”

“ምን ያድርግ! ቤተ መጻሕፍት ከምትሠራ ሰው ጋር ኖሮ ጸጥታ ለምዶ ነዋ!”

እትዬ ሳይፈልጉ ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅኩ። ሽማግሌው ግን ወዲያው ኮስተር አሉ።

“ስሚኝ አንች፣ ጨዋታውን እንተወው። በሽታ ከሆነ ሳይሞት ቢላ ይድረስበት። አንች እንደሆን ጽጌን ትጾሚያለሽ፣ ለማን ብለሽ ነው የምታስቀምጭው? እኔ ልረደው፣ እነ እትዬ ይብሉት። የእትዬን ዶሮዎች ደግሞ በገበያ ቀን ይዘናቸው እንውጣ። በሽያጩ ብር ልጅቱ ስትመጣ ሌላ ይገዛል።”

“በሽታ ካለባቸውማ ለሌላ ሰው በሽታ መሸጥ ነው” አልኩ።

“ከሌለባቸውስ?”

“ከሌለባቸው የሚሸጡበት ምክንያት የለም።”

“አሃ! እና አለባቸው ወይስ የለባቸውም?”

ሁለቱም አፌን አዩ። መጽሐፏን በእጄ ይዣለሁ። እንደዚያን ጊዜው ፈጥኖ መናገር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያወቅኩት ያን ሰዓት ነው። “የለባቸውም” ማለት አንድ ቃል ነው።

“አላውቅም” አልኩ። “ዶሮውን ጓዳ አስገብቼ ለብቻው አስረዋለሁ። አሥር ቀን ስጡኝ። ፈንግል ከሆነ ይህን ያህል አይቆይም።”

“እስከዚያ ከሱ ጋር የዋሉት ቢይዛቸውስ?” አሉ ሽማግሌው።

እትዬ ግን “ትሞክረው፣ ታውቀዋለች” አሉና ነገሩን ዘጉት። ብዙ ሰው ሲታመንበት ደስ ይለዋል ይባላል። እኔ ያን ቀን እራቴ አልወርድ አለኝ።

ማስታወሻ ደብተር አወጣሁ። በልቷል ወይ፣ ምን ያህል፤ ውሃ ጠጥቷል ወይ፤ ኩሱ ምን ይመስላል፤ ስንት ላባ ጣለ፣ ከየት። ጎመን ከለከልኩት። ማሽላ ብቻ ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን ኩሱ ቡናማና ነጭ ሆነ። ያን ስጽፍ እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ቀደደው። በሦስተኛው ቀን ከቀኝ ክንፉ ያው ቦታ ላይ የነበረው ላባ ወደቀ። አንስቼ ከግራው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ ርዝመታቸው እኩል ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ልቤ አላረፈም። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ሁለቴ አየዋለሁ፤ ከግቢው ወጥቼም የምመለስበት ጊዜ አለ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ተማሪ ሲያስነጥስ እደነግጣለሁ። ከሥራ ስመለስ ጓዳውን ከመክፈቴ በፊት ወደ አጥሩ ሄጄ የእትዬን ዶሮዎች እቆጥራለሁ። ሰባት። አንዷ እንቁላል ልትጥል ገብታ ስድስት ሆነው ያገኘኋቸው ቀን ሰባተኛዋን በቅንጭቡ ሥር ሳይቀር ፈለግኳት።

አምስተኛው ቀን ላይ እትዬ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። የደረቀ የዓሣ ራስ ነው። ላባ የሚቀይር ዶሮ እንደ ዓሣ ያለ ነገር ያስፈልገዋል ብዬ ካነበብኩላቸው በኋላ ከሐይቁ ዳር ከአስጋሪዎቹ ለምነው ያመጡት ነው።

“ወቅጠሽ ስጪው። አብሽሪ እታለም፣ ኢንሻአላህ ይድናል። እኔ ልጄንም ነግሬያታለሁ፤ ጎረቤቴ መጽሐፍ አዋቂ ናት፣ እሷ እያለች ዶሮዎቹ ምንም አይሆኑም ብያታለሁ።”

እዚያ ላይ አልቻልኩም።

“እትዬ፣ የዚያን ጊዜዎቹ የሞቱት በእኔ ነው።”

“ምን አልሽ?”

“በሽታ አይደለም ያልኩዎት መጽሐፉን ሳልጨርስ ነው። ደስ ያለኝ ቦታ ላይ ስደርስ አጠፍኩት። የበሽታው ነገር በሚቀጥለው ገጽ ላይ ነበር። ብገልጠው ኖሮ ሳይሞቱ ይደርሱባቸው ነበር።”

እትዬ እኔን ትተው መጽሐፏን አዩ።

“አንድ ገጽ?”

“አንድ ገጽ።”

“ወላሂ በይ።”

“ማርያምን።”

እትዬ አልተቆጡም፣ አልሰደቡም። ፌስታሉን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው በቀዳዳው ተመለሱ። ከዚያ በፊት በዚያ ቀዳዳ ሲያልፉ “ቢስሚላህ” ሳይሉ ቀርተው አያውቁም። ያን ቀን አላሉም።

በማግስቱ ጠዋት የዶሮ ጩኸት ሰማሁ። በአጥሩ ሳይ እትዬ ዶሮዎቹን እየያዙ እግራቸውን በገመድ ያስራሉ። አራቱ ታስረው ቅርጫት ውስጥ ገብተዋል። ያን ቀን ገበያ ነው። ሽማግሌው በር ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ፤ በዚህ ጊዜ አይቀልዱም። በቀዳዳው ሾልኬ ሄድኩ፤ ነጠላዬ በቅንጭቡ ተያዘና ተቀደደ።

“እትዬ፣ አይሽጧቸው።”

“ዞር በይልኝ።”

“ገና ስድስተኛው ቀን ነው። ዶሮው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ኩሱ…”

“ለምን አምንሻለሁ?” ቀና ብለው አዩኝ። “ንገሪኝ እስቲ። አሁን ስንት ገጽ ቀርቶሻል?”

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌው እንኳ አንገታቸውን ደፉ። ሮጬ ተመለስኩና ጓዳውን ከፍቼ ዶሮውን አቅፌ አመጣሁት። ግማሽ አንገቱ ተራቁቷል፣ ጅራቱ ተነቅሏል፣ ደረቱ ላይ ላባው እንደ ተቦጨቀ ፍራሽ ሆኗል። ሽማግሌው “ኧረ በአላህ! ይሄን ደግሞ ማን ገረፈው?” አሉ።

“እኔን አይመኑኝ” አልኳቸው እትዬን። “መጽሐፉንም ይተዉት። እጅዎን ይስጡኝ።”

እጃቸውን አልሰጡኝም። እኔ ግን ያዝኩት። ይህን ያህል ደፍሬ አላውቅም። ሌባ ጣታቸውን ይዤ ከተራቆተው አንገት ላይ አኖርኩትና ከታች ወደ ላይ፣ ከደረቱ ወደ ራሱ እንዲሄድ ገፋሁት።

እትዬ ቆሙ። ጣታቸውን ከእጄ አላቀቁ፤ ከዶሮው ግን አላነሱትም። እንደገና ከታች ወደ ላይ ወሰዱት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በሁለት ጣት ዳሰሱ፣ ደረቱ ላይ ወረዱ፣ ክንፉ ሥር ገቡ። እሳቸው አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ከገበሬ ቤት የተወለዱ፣ ትከሻቸው እስኪጎብጥ እርሻ ያረሙ ሴት ናቸው።

“ይወጋል” አሉ።

“አዎ።”

“እሾህ እሾህ ይላል። ሞልቶታል እኮ!” ዓይናቸውን ገለጡ። “ይሄማ ቡቃያ ነው። ማሽላ አፈሩን ሊገፋ ሲል በእጅህ ብትነካው እንዲህ ነው። የሚሞት ነገር እንዲህ አያበቅልም።”

“አራት ነበር መጀመሪያ ያየሁት” አልኩ። “አራት ብቻ ስለነበር ነው አላውቅም ያልኳችሁ።”

እትዬ ቅርጫቱ አጠገብ ቁጢጥ ብለው አንዷን ዶሮ አወጡ፣ ላባዋን ገልብጠው እፍ አሉ፣ ዳሰሱ። ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋን። አራተኛዋን ካዩ በኋላ ገመዱን መፍታት ጀመሩ።

“ገበያው ቀረ ማለት ነው?” አሉ ሽማግሌው።

“አንተ ሂድ፤ ጨው ግዛልኝ።” ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ “አንች ደግሞ” አሉ፣ “ያኔውኑ ብትነግሪኝ ኖሮ ተቆጥቼሽ ያልፍልኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አፍሽን ይዘሽ አሁን ልጄ ልትወልድ ስትል ታመጭዋለሽ! ተቆጥቻለሁ። ገና እቆጣለሁ፤ አትቸኩይ።”

“ይቆጡኝ” አልኩ።

ተቆጡኝም። ለብዙ ቀን መልእክታቸውን እንዳነብላቸው አልጠሩኝም። የዓሣ ራስ ግን በየሁለት ቀኑ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኝ ነበር።

የቀሩት አራት ቀናት ከቀደሙት የቀለሉ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለሉም። እትዬ በእጃቸው አምነው ተኝተዋል፤ እኔ አልተኛሁም። የዳሰሱት እውነት ነው፣ ግን ላባ የሚያበቅል ዶሮ በዚያው ጊዜ አይታመምም ያለው ማነው? ስምንተኛው ቀን ላይ ከሰባቱ አንዷ አንገቷን ወደ ጎን አድርጋ ስትቆም አየሁና የያዝኩትን ውሃ ደፋሁት። ለካስ ትል ነው የምታየው። ለቀመችና ሄደች። አሥረኛው ቀን አለፈ። እስከ አሥራ አምስት ቆጠርኩ። ከአሥራ አምስት በኋላ አውራ ዶሮውን ፈታሁት። ጠባብ ሸሚዝ እንደለበሰ ጎረምሳ አንገቱን እያሰገገ ወጣ። አዲሱ ላባ ከጥቅልሉ እየተፈታ ነበር፤ ከበፊቱ ይልቅ ወደ ጥቁርነት ያደላ፣ እርጥብ የመሰለ።

ልጅቱ መጣች፣ ከታሰበውም ቀደም ብላ ወለደች፤ ሴት ልጅ። የመጀመሪያዋን ዶሮ ሽማግሌው ሲያርዱ ወደ አጥሩ ተጣርተው “እንግዲህ ነይና ፈቃድ ስጪ! ያላንች ማኅተም አትታረድም!” አሉኝ። እትዬ “ዝም በል አንተ” አሏቸው፤ ሳቃቸው ግን ተሰማኝ። የአጥሚቱን እህል አሰናድቼ አራሷ ዘንድ ገባሁ። ሕፃኗን አሳቀፉኝ፤ እትዬ ናቸው ከአራሷ ጭን አንስተው የሰጡኝ። ስለ ገጹ ማንም አላነሳም።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሁሉም ነገር በቀኑ ተጽፏል፤ አውራ ዶሮው እንደገና የጮኸበት ቀን ግን የለም። በዚያ የወሊድ ግርግር መካከል ጮኋል፤ ማንም አላስተዋለም። አንድ ጠዋት ነጠላዬን ስፈልግ ምንም ነገር እንዳልጎደለ ታወቀኝ። ለካስ እሱ ተመልሶ መጮህ ጀምሯል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ከሥራ ስመለስ በእትዬ ግቢ ላባ ተበትኖ አየሁ። ከቀሩት ዶሮዎች አንዷ፣ አመዳም ቀለም ያላት፣ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። ያው የምታውቁት ድንጋጤ ያዘኝ። ቤት ገብቼ መጽሐፏን ይዤ ወጣሁና ወደ ቀዳዳው ሄድኩ።

እትዬ ቀድመውኛል። ዶሮዋን ከብብታቸው ሥር ሸጉጠው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። የአንገቷን ላባ በአውራ ጣታቸው ገለበጡ፣ እፍ አሉ። ጣታቸውን ከታች ወደ ላይ ወሰዱ፣ እንደገና ወሰዱ። ከዚያ የወደቀ ላባ አንስተው ሥሩን ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩ። ዶሮዋን መሬት ላይ ለቀቋትና ወደ ቤት ገብተው “የሕፃኗን ጨርቅ ወዲህ በሉት” ሲሉ ሰማሁ።

አልጠሩኝም። ዶሮዋ ትንሽ ቆማ ተንገፈገፈች፤ ሌላ ላባ ወደቀ። መጽሐፏን በእጄ እንደያዝኩ፣ ጣቴ በሁለቱ ገጾች መካከል እንደገባ፣ ቅንጭቡ አጠገብ ጥቂት ቆይቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።